«እኔን!» የሚሉኝ ሰዎች

ቃሏ አጭር ናት። ሰው ሲደናቀፍ፣ ጣቱን ቢላ ሲቆርጠው፣ ዕቃ እግሩ ላይ ሲወድቅበት፣ አጠገቡ ያለው ሳያስብ «እኔን!» ይላል። አንተን ያገኘህ እኔን ያግኘኝ ማለት ነው። መልካም ቃል ናት፣ አልክድም። እኔ ግን ጠግቤያታለሁ። ሌላው ሰው የሚደናቀፈው አልፎ አልፎ ነው። የእኔ አንድ እግር ገና ሕፃን ሳለሁ በልምሻ ቀጥኖ ስለቀረ የምሄደው በክራንች ነው፤ አረማመዴ ደግሞ ለሚያየኝ ሁሉ አሁን ወደቀች፣ አሁን ወደቀች ያሰኛል። ስለዚህ ከቤት እስከ አስፋልት «እኔን፣ እኔን» እየተባልኩ ነው የምደርሰው። ከባጃጅ ውስጥ አንገቱን አውጥቶ የሚለኝ እንኳ አለ። ባጃጁ ግን አይቆምም።

ያደግሁት ቡታጅራ ነው። እናቴ እዚያ ገበያ በርበሬ ትሸጣለች፤ አባቴ ቀደም ብሎ ስለሞተ ቤቱን የምታስተዳድረው እሷ ነበረች። ልጅ ሳለሁ የዚህች ቃል ነገር ግራ ሲገባኝ፣ አንድ ቀን በርበሬ ስትቀነጥስ አጠገቧ ቁጭ ብዬ ጠየቅኳት።

«እማ፣ ሰዎቹ ለምንድን ነው እኔን እኔን የሚሉኝ?»

«በአንቺ የደረሰው በእኔ ይድረስ ማለታቸው ነው።»

«ታዲያ ለምን አይደርስባቸውም?»

እናቴ ቅንጠሳውን ትታ በሳቅ ፈረሰች። በዚያው በርበሬ በነካው እጇ ዓይኗን ጠረገችና ሳቁ ወደ ጩኸት ተለወጠ፤ «ውኃ! ውኃ አምጪልኝ!» ብላ ቤቱን አናወጠችው። ጥያቄዬም ሳይመለስ ቀረ።

እሷ ራሷ ግን አንድም ቀን «እኔን» ብላኝ አታውቅም። ስወድቅ የምትለኝ «ተነሺ» ብቻ ነበር። ክረምት ላይ ጭቃው ውስጥ ተዘርሬ፣ ክራንቼ ወዲያ ተወርውሮ፣ የሰፈሩ ሴቶች «እኔን!» እያሉ ሲንጫጩ፣ እሷ ራቅ ብላ ቆማ «ተነሺ» ትላለች። አታነሳኝም። ጎረቤቶቻችን «ይቺ ሴትዮ ልብም የላት» ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እኔም አንዳንድ ቀን ከእነሱ ጋር እስማማ ነበር።

ኮሌጅ ከጨረስኩ በኋላ ወልቂጤ ያለ አንድ የመንግሥት ቢሮ ለደንበኞች አገልግሎት መስኮት ሠራተኛ እንደሚፈልግ ማስታወቂያ አወጣ። የቢሮውን ስም አልጠራም። ሥራው ከመስኮቱ ኋላ ተቀምጦ የባለጉዳይን ማመልከቻ መቀበል፣ የጎደለ ካለ መንገር፣ ከዚያ ወደሚመለከተው ክፍል መምራት ነው። ተቀምጦ የሚሠራ ሥራ! በመቀመጥ ደግሞ ማንም አይበልጠኝም። ያን ሥራ ምን ያህል እንደፈለግሁት ለማንም አልተናገርኩም፣ ለእናቴም ጭምር። ዕድሜዬን ሙሉ የማውቀው ከመስኮቱ ወዲህ ያለውን ወገን ነው። ወረቀቴን አስገብቼ እንደ አምላክ ድምፅ የምጠብቀውን «ቀጣይ!» የሚል ቃል፣ አንድ ቀን እንኳ እኔ ልበለው ብዬ ተመኘሁ። ሌላው ምክንያት ሁሉ ከዚያ በኋላ የመጣ ነው።

ቢሮው ተዳፋት ላይ ከፍ ተደርጎ የተሠራ ስለሆነ መግቢያው ረጅም ደረጃ አለው። መደገፊያ የለውም። ለቃለ መጠይቅ በሄድኩ ዕለት ቀስ እያልኩ እየወጣሁ ሳለ የቢሮው ኃላፊ በሩ ላይ ብቅ አለ። ደልደል ያለ፣ ፊቱ ፈታ ያለ ሰው ነው። ሲያየኝ ደነገጠ።

«እኔን! እኔን ልጄ! ኧረ ያዟት! ምን ታያላችሁ!»

ሁለት ጥበቃዎች ሮጠው መጡና ግራና ቀኝ ብብቴን ይዘው ብድግ አደረጉኝ። ክራንች የያዘን ሰው በብብቱ ማንሳት ማለት እግሩን መንጠቅ ማለት መሆኑን ለእነሱ ለማስረዳት ጊዜ አልነበረም። አየር ላይ ሆኜ ገባሁ። ፈታኞቼ ፊት ስቀርብ ቀሚሴ ተጣሞ፣ ሻርፔ ወርዶ፣ ብስጭቴ አናቴ ላይ ወጥቶ ነበር። ቢሆንም የተጠየቅሁትን መለስኩ። የጽሑፉንም ፈተና ሠርቼ ስለነበር ውጤቱ ሲደመር አንደኛ ወጣሁ።

ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የተለጠፈው ግን ሌላ ነው። ከእኔ በታች ያመጣው ልጅ «ያለፈ»፣ እኔ «ተጠባባቂ»። ዓይኔ የተሳሳተ መስሎኝ ደጋግሜ አነበብኩት። ከዚያ ቀጥ ብዬ ኃላፊው ክፍል ገባሁ።

ሰውዬው ክፉ አይደለም። ይህን የምደጋግመው ለእሱ ተቆርቁሬ አይደለም፤ ክፉ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ቀላል ስለነበር ነው። ወንበር ሳበልኝ። ሻይ ላምጣልሽ ወይ አለኝ።

«ሻይ አልፈልግም። ውጤቴ ከሁሉም ይበልጣል፤ ለምንድን ነው ተጠባባቂ የሆንኩት?»

«ልጄ፣ ለአንቺ አስቤ እኮ ነው። ደረጃውን አየሽው አይደል? ጠዋት ትወጪያለሽ፣ ለምሳ ትወርጃለሽ፣ ደግሞ መውጣት አለ። ያቺን ቀን ሳይሽ አንጀቴ ነው የተላወሰው። በሞቴ፣ ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም።»

«ደረጃውን ማስተካከል አይቻልም?»

«መንግሥት የሠራውን ሕንፃ?» አለና ሳቀ። ወዲያው መሳቁ ራሱን አሳዘነው መሰለኝ፣ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ደግሞ ባለጉዳዩንም አስቢው። አንቺን ሲያይ ይሳቀቃል። ጉዳዩን ትቶ እኔን እኔን ሲል ይውላል። ሰልፉስ መቼ ይንቀሳቀሳል?»

ሳቄ መጣ፤ ለምን እዋሻለሁ። ሕይወቴን ሙሉ ሰው እኔን እያለኝ ኖሬ፣ አሁን ደግሞ እኔን ስለሚሉኝ ሥራ ልነፈግ ነው! ከሳቁ በኋላ ግን ንዴት መጣ። «ከኋላ በኩል መዝገብ ቤቱ ምድር ላይ ነው፤ ሰውም አይበዛበት፤ ቦታ ሲገኝ እጠራሻለሁ» ሲለኝ ክራንቼን አንስቼ ወጣሁ።

ታች፣ የደረጃው መጨረሻ ላይ፣ ከቸሃ ገጠር የመጡ አንዲት እናት ወረቀታቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ተቀምጠው ነበር። ጉልበታቸው አልታዘዝ ብሎ መውጣት ስላቃታቸው፣ ጥበቃው ወርዶ ወረቀቱን እንዲወስድላቸው እየተጣሩ ነው። እሱ አይሰማም፤ ወይም አልሰማም ብሏል። እኔ እየተንደረደርኩ ስወርድ አዩና «እኔን!» አሉኝ።

«ኧረ እናቴ! ራስዎ መውጣት አቅቶዎት፣ ደግሞ የእኔን ሊጨምሩ?» አልኳቸው። ሳቁ። ወረቀታቸውን ተቀብዬ ያንን ደረጃ እንደገና ወጣሁና አስገባሁላቸው። ንዴት ጉልበት ይሰጣል።

በሳምንቱ አንዲት የኮሌጅ ጓደኛዬ ወደ አንድ ጠበቃ ዘንድ ላከችኝ። ሰውዬው ዓይነ ስውር ነው፤ ቢሮው ከአንድ ፎቶ ኮፒ ቤት አጠገብ ያለች፣ ደረጃ የሌላት ጠባብ ክፍል ናት። የክራንቼን ኳኳታ ሰምቶ ገና ከበሩ ተናገረኝ።

«ግቢ። እኔ አካሄድሽን ስለማላይ እኔን አልልሽም። ወንበሩ በስተግራሽ ነው።»

የሆነውን ሁሉ ነገርኩት። አንገቱን ወደ ጣሪያው ቀና አድርጎ አዳመጠ። ደረጃውና «እኔን እኔን» የሚለው ሰልፍ ጋ ስደርስ አስቆመኝ።

«ይህን ማን ነው ያለሽ?»

«ኃላፊው ራሱ።»

«በአፉ?»

«በአፉ።»

እጆቹን አጨበጨበ። «እሰይ! ሩኅሩኅ ሰው ነው ማለት ነው። ተንኮለኛ ቢሆን ኖሮ ‘ቃለ መጠይቅ ላይ ደከመች’ ብሎ አርፎ ይቀመጥ ነበር።»

ከዚያ ሕጉን ነገረኝ። ስለ አካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት የወጣ አዋጅ አለ፤ ከወጣ ቆይቷል፣ ያነበበው ግን ጥቂት ነው። ሥራውን መሥራት የሚችልን ሰው በአካል ጉዳቱ ምክንያት አልቀጥርም ማለት ክልክል ነው ይላል። ቦታው የማይመች ከሆነ አሠሪው አቅሙ በፈቀደ መጠን እንዲመች ማድረግ አለበት። ጠበቃው ሦስተኛውን ሲነግረኝ ግን ድምፁን እንደሚወደው ምግብ አጣጣመው። «በሌላው ክስ የሚያስረዳው ከሳሽ ነው። እዚህ ላይ ግን አንቺ ‘በእግሬ ምክንያት ከለከሉኝ’ ካልሽ በቃሽ። አይደለም የሚል ከሆነ ማስረዳት ያለበት እሱ ነው። ሰውሽ ደግሞ አይደለም የሚል ሰው አይመስለኝም።»

ክሱ ገባ። የቀጠሮው ቀን ሲቃረብ ጠበቃው ደወለልኝና «ችሎቱ የት እንደሆነ ታውቂያለሽ?» አለኝ።

«የት ነው?»

«ፎቅ ላይ።»

ሁለታችንም ሳቅን። እሱ ቶሎ አቆመ። ብወጣ፣ ይኸው ወጣች፣ ምን ማስተካከል ያስፈልጋል ይላሉ፤ ባልወጣ፣ ይኸው አቃታት ይላሉ። የእሱ ምክር ታች ሆኜ ዳኞቹ ምድር ቤት እንዲያስችሉ መጠየቅ ነበር፤ ይህም መብቴ እንደሆነ ነገረኝ። ትክክል እንደሆነ አውቃለሁ። ነገር ግን እልኸኛ ነኝ። ዳኞቹን አስወርጄ ከመጠበቅ ወጥቼ መሞትን መረጥኩ። በዕለቱ ደረጃውን ጀመርኩ። ግማሽ ላይ ከኋላዬ የሚያለከልክ ሰው ሰማሁ፤ ዞር ስል ኃላፊው ነው። ብወድቅ ሊቀልበኝ ሁለት እጁን ዘርግቶ እየተከተለኝ ነበር። ተከሳሽ ከሳሹን ደግፎ ወደ ችሎት ሲያስገባ ያየ ካለ እኔ ነኝ።

«ይተዉኝ» አልኩት።

«እኔን! ብትወድቂስ ልጄ?»

ችሎቱን የመሩት አንዲት ሴት ዳኛ ነበሩ። መነጽራቸውን አፍንጫቸው ላይ አውርደው ኃላፊውን ለምን እንዳልቀጠረኝ ጠየቁት። እሱ ደረቱን ይዞ ቆመ።

«ክብርት ዳኛ፣ እኔ ይህችን ልጅ ጠልቼ አይደለም። ፈጣሪ ምስክሬ ነው። እግሯን አይቼ ነው፤ አዝኜላት ነው።»

«‘እግሯን አይቼ ነው’ የሚለው ይመዝገብልኝ» አለ ጠበቃዬ፣ ለስለስ ብሎ።

«ሥራውን መሥራት ትችላለች ወይስ አትችልም?» አሉት ዳኛዋ።

«ሥራውንማ ትችላለች! አንደኛ የወጣችው እኮ እሷ ናት!» አለ፤ እኔ የተሰደብኩ ይመስል ለእኔ ተቆጥቶ። «ችግሩ ደረጃው ነው እንጂ።»

«ደረጃውን ለማስተካከል ሞክራችኋል?»

ወለሉን አየ። «እሱን... አላሰብንበትም» አለ። ውሸት ቢጨምርበት ማን ይከለክለው ነበር? አልጨመረም። ያኔ ለመጀመሪያ ጊዜ አሳዘነኝ።

ዳኛዋ ወደ እኔ ዞሩ። «አመልካች፣ መሥሪያ ቤቱ በዚህ የሥራ መደብ ላይ ማንን እንዲመድብ ነው ዳኝነት የምትጠይቂው?»

«እኔን!»

ስንት ጊዜ ያሰብኩበት መልስ ስለነበር ከአፌ አምልጦ ወጣ። ጮክ ብሎ ወጣ፤ ዜማውም ልክ ሰው ሲደናቀፍ የሚባለው ዜማ ሆነ። ኃላፊው ማን ወደቀ ብሎ ብድግ አለና ግራ ቀኝ ተመለከተ። ከኋላ አንድ ሰው በሳቅ ፈነዳ። ጠበቃዬ ግንባሩን ጠረጴዛው ላይ ደፍቶ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ዳኛዋ በወረቀት አፋቸውን ከለሉ። ለኃላፊው ነገሩ የገባው ዘግይቶ ነው፤ ሲገባው ቀስ ብሎ ተቀመጠ፣ ፊቱም ቀላ።

ውሳኔው ብዙ ቀጠሮ ፈጀ። ዳኛ ታመሙ፣ መብራት ጠፋ፣ ጸሐፊ ቀረች፤ አሁን ደግሞ ምን ይመጣ ይሆን እያልኩ ሰነበትኩ። በመጨረሻ ተነበበ። ያልተቀጠርኩት በአካል ጉዳቴ ምክንያት እንደሆነ፣ ይህም ሕጉ የሚከለክለው እንደሆነ፣ በመደቡ ላይ እንድመደብና መግቢያው እንዲስተካከል ተወሰነ። መሥሪያ ቤቱ ይግባኝ አላለም። በእኔ ቦታ ተቀምጦ የቆየው ልጅ ወደ ሌላ ክፍል ተዛወረ። ቅር ብሎታል፤ ሰላምታ ከነፈገኝ ሰነበተ፤ አልፈርድበትም።

ከደረጃው ጎን መወጣጫ ተሠራ። ኃላፊው ራሱ ግንበኛው ራስ ላይ ቆሞ አሠራው። «ለልጃችን ነው፣ አሳምረው» እያለ ሲወተውተው፣ ግንበኛውም ሲሚንቶውን እንደ ሳሎን ወለል አለስልሶት ቁጭ አለ። ደረቅ ሲሆን መልካም ነው። ዝናብ ሲነካው ሳሙና ነው። ሸካራ አድርጉት ብዬ ተናገርኩ፤ «እንዲህ ያማረውን?» አሉኝ። ያም ሆኖ የመጀመሪያው ሳምንት ሳያልቅ ሁሉም የሚወጣው በእሱ በኩል ሆነ፤ ሕፃን ያዘለችው፣ ጉልበት የሚያመው፣ ወጣቱም ጭምር። ደረጃው ባዶውን ቀረ።

ኃላፊው ስለ ሰልፉ የተናገረው ግማሹ እውነት ነበር። ከመስኮቱ ኋላ ስቀመጥ እግሬን የሚያየው የለም፤ ሰው ይነታረከኛል፣ ይቆጣኛል፣ ለምን አዘገየሽኝ ብሎ ይሰድበኛል። ደስ አለኝ። እንደማንኛውም ሠራተኛ መሰደብ ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። ወረቀት ይዤ ወደ ሌላ ክፍል ስነሳ ግን ሰልፉ ባንድ አፍ «እኔን!» ይላል። «እኔ ደህና ነኝ፤ ችግር ያለው የእርስዎ ፎቶ ኮፒ ነው» እላለሁ። ሰልፉም ይንቀሳቀሳል።

እናቴ ሥራ መያዜን በስልክ ስነግራት «አልሐምዱሊላህ» ብላ ወዲያው ስለ በርበሬ ወሬ ቀጥላ ነበር። ክረምቱ መሐል ላይ ግን አንድ ጠዋት ሳትነግረኝ ከቡታጅራ መጣች። ማታ የዘነበው ገና አልደረቀም። መስኮቴ በር በሩን ያሳያል፤ የአንድ ባለጉዳይ ወረቀት ላይ ማኅተም ልመታ ቀና ስል፣ መወጣጫው ላይ አየኋት። አዲሱን ሂጃቧን አድርጋለች። በእጇ ፌስታል ይዛለች። ለየኋት፤ ወዲያውም ያ የተለሰለሰው ሲሚንቶ እግሯን ከሥሯ ሸሸባት፣ በጀርባዋ ሄደች።

«እኔን!»

አዳራሹ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ክራንቼን ሳልይዝ ተነስቼ መስኮቱን ሙጭጭ ብዬ ይዤ ቆሜያለሁ። ማኅተሙ ወለሉ ላይ ወድቋል። ሰዎች ሊያነሷት ሲሯሯጡ እጇን አወናጨፈችባቸው። እርጥቡ ሲሚንቶ ላይ እንደተቀመጠች ወደ እኔ አየች። በሩቅም ቢሆን ፊቷን አውቀዋለሁ፤ የተጎዳ ሰው ፊት አልነበረም፣ የተገረመ ነው። ከዚያ ራሷን ችላ ተነሳች፣ ቀሚሷን አራገፈች፣ ገብታ የሰልፉ መጨረሻ ላይ ቆመች። እናቴ ናት፣ አሳልፏት ብል ኃላፊውም ሊያመጣት ሄደ። እንቢ አለች። ተራዋ እስኪደርስ ጠበቀች።

ተራዋ ደርሶ መስኮቱ ጋ ጎንበስ ስትል እጇ ቆስሎ ደም ነጠብ ነጠብ ይል ነበር።

«እማ፣ ተጎዳሽ?»

«ተይው። እሱን ቃል ደግሞ ማን አስተማረሽ?»

«አላውቅም። አምልጦኝ ወጣ።»

ፌስታሉን በመስኮቱ ሥር አሳለፈችልኝ። በርበሬ ነው። እጇን ቶሎ አልሳበችም።

«እኔም ያመልጠኝ ነበር» አለች፣ ከኋላዋ ያሉት እንዳይሰሟት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «በወደቅሽ ቁጥር አፌ ላይ ይመጣል። ወላሂ፣ አንድም ቀን ሳይመጣ ቀርቶ አያውቅም። እሱን እውጠውና ነው ‘ተነሺ’ የምልሽ።»

ዓይኔን በእጄ ልጠርግ ስል አንጓዬን ያዘችኝ።

«በርበሬ ነክተሻል» አለችኝ። «በይ ቀጣዩን ጥሪ፤ ሰው እየጠበቀሽ ነው።»

ጠራሁ።